ሽጉጥ በወገብ፣ በቦርሳ፣ በጀልባ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከባሕር ዳርና ከሐይቁ ዙሪያ የመጡ ናቸው። መልሳችን በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው ነው። ፈቃድ የሌለው አንባቢ ከአፎትና ከቀበቶ በፊት የሚጨርሰው ሌላ ጉዳይ አለበት። ፈቃድ ያለውም ቢሆን በአካባቢው ለጊዜው የወጣ የመሣሪያ ክልከላ ካለ ፈቃዱ አያስጥለውም፤ ይዞ ከመውጣት በፊት ፖሊስ ጣቢያ ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሱቅ አለኝ። ማታ ሒሳብ ዘግቼ ገንዘብ ይዤ በባጃጅ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ማካሮቭ ሽጉጤን ከፊት ለፊት በሱሪዬና በቀበቶዬ መካከል እሰካዋለሁ። ጓደኞቼ አፎት ለማውጣት ያዘገያል ይሉኛል። እውነት ነው? የትኛው ቦታስ ይሻለኛል?
(ነጋዴ፣ ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ የሚያዘገየው አፎት አይደለም፤ ሲፈለግ በቦታው የማይገኝ ሽጉጥ ነው። ያለ አፎት የተሰካ ሽጉጥ በተራመዱ ቁጥር ይንሸራተታል። ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጡ ሆድ እጀታውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲነሡ ቀበቶው ይላላና በሱሪው እግር በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ያን ጊዜ ሰው ሳያስበው የሚወርደውን ብረት ለመቅለብ እጁን ይሰዳል፣ ጣትም ምላጩ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ ሽጉጥ ከወደቀ ይውደቅ። ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚያግደው ማንሻ) የተዘጋ ማካሮቭ መሬት በመምታቱ ከሚመጣው አደጋ ይልቅ በሚቀልበው እጅ የሚመጣው ይብሳል።

አፎት ሲገዙ ለማካሮቭ ተብሎ የተሠራውን ይምረጡ። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ለአንዱም አይሆንም። ጥሩ አፎት ምላጩንና በምላጩ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ሽጉጡ ሲወጣም አፉ ተከፍቶ ይቀራል እንጂ አይከደንም። የመያዝ አቅሙን ቤትዎ መፈተን ይችላሉ፦ ሽጉጡን ከጥይት ባዶ አድርገው አፎቱ ውስጥ ይክተቱት፣ አልጋ ላይ ገልብጠው ያራግፉት። ከወደቀ አፎቱን ይመልሱት። ቆዳ የወደደ ቆዳ ይግዛ፤ ግን የባሕር ዳር ሙቀትና ላብ ቆዳን ቶሎ ያለሰልሰዋል። የላላው የአፎት ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽጉጡን ሲመልሱ ምላጩን ይጫናል። አፉን በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍ ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ቀበቶውም ከአፎቱ እኩል ይታሰብበት። ባዶው ማካሮቭ 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስምንት ጥይት ሲጨመር ከ800 ግራም ያልፋል። ይህን ስስ ቀበቶ አይችለውም፣ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ሸሚዙም ላይ ጉብ ብሎ ይታያል። ከ3.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ድርብ ቆዳ ተሰፍቶ የጠነከረ ቀበቶ ያስፈልግዎታል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከፊት ለፊት መያዝ ለመደበቅም ለማውጣትም ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በተለይ ተቀምጠው ሳለ አፈሙዙ የሚያየው ብልትዎን ወይም የጭኑን ትልቅ የደም ሥር ነው። እዚያ የተመታ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ልምምድ ለሌለው ሰው እኛ የምንመርጥለት የቀኝ ዳሌ አጥንት ከኋላው ያለውን ቦታ ነው (ለግራኝ በግራው)። ባጃጅ ሲሳፈሩ ሽጉጡ ወደ ሌላ ተሳፋሪ ሳይሆን ወደ ባጃጁ ጎን እንዲሆን በቀኝ በኩል ጥግ ይያዙ። ዕቃ ለማንሳት ሲያጎነብሱ እጀታው ሸሚዙን ስለሚወጥረው ከወገብ ይልቅ ከጉልበት ማጎንበስን ይልመዱ። የጀርባ አከርካሪ ላይ፣ መሐል ወገብ ላይ ግን አያድርጉት። በጭቃ አዳልጦት በጀርባው የወደቀ ሰው በብረቱ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ገበያ ግርግር ውስጥም ሌላ ሰው ሲመዘው ባለቤቱ አያይም።

አሁን ዋናው፦ በአፎት ከተያዘ ሽጉጥ የሚመጣ አደጋ በአብዛኛው ሲመልሱት እንጂ ሲያወጡት አይደለም። ሲያወጡ የሚያስቸኩል ነገር ይኖር ይሆናል፤ ሲመልሱ ምንም የሚያስቸኩል የለም። የሸሚዝ ጫፍ፣ የጃኬት ማጥበቂያ ገመድ ከነቁልፉ፣ የገዛ ጣትዎ፣ ሁሉም ወደ ምላጩ ቀለበት ይገባሉ። በማካሮቭ እንዲህ ያድርጉ፦ ጣትዎን ከምላጩ አውጥተው በብረቱ ጎን ቀጥ ያድርጉ፣ ሴፍቲውን ወደ ላይ ይዝጉ፣ በሌላው እጅ ልብሱን እስከ ደረት ድረስ ይሰብስቡ፣ አፎቱን በዓይንዎ ይዩ፣ አውራ ጣትዎን ከኋላ መቺው (ምላጩ ሲሳብ መርፌውን የሚመታው መዶሻ) ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ያስገቡ። መቺው ከአውራ ጣትዎ ሥር ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ሴፍቲው በትክክል አልተዘጋም፣ አንድ ነገርም ምላጩን እየገፋው ነው፤ ያቁሙ፣ መልሰው ያውጡት። ከሁሉም የሚሻለው ቤት ውስጥ ሽጉጡን አስቀድሞ አፎቱ ውስጥ ከትቶ፣ ከዚያ አፎቱን ከነሽጉጡ ቀበቶ ላይ ማሰር ነው።

ሳይጠየቅ የምንጨምረው አንድ ጉዳይ አለ፤ መጸዳጃ ቤት። ቁጢጥ ተብሎ በሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ቀበቶ ሲፈታ አፎቱ ይገለበጣል፣ ሽጉጡም ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በር ላይ ማንጠልጠል ወይም መስኮት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ረስቶ መሄድን ያመጣል። ሽጉጡን ከአፎቱ አያውጡት፤ ሱሪው ጉልበት ላይ ሲደርስ ቀበቶውን መልሰው ይቆልፉት፣ ጨርሰው እስኪነሡ በአንድ እጅ ይያዙት።

ጥያቄ፦ ጥይት ጎርሶ ይያዝ ወይስ ሳይጎርስ? ወንድሜ ቶካሬቭ አለው፣ እኔ ማካሮቭ። ሁለታችንም አጉርሰን ነው የምንይዘው።
(ከፋሲሎ)

መልስ፦ ወንድምዎ የጎረሰውን፣ ማለትም ለመተኮስ ማደሪያው ውስጥ የገባውን ጥይት ዛሬውኑ ያውጣ። ቶካሬቭ በእጅ የሚዘጋ ሴፍቲ ሳይኖረው የተሠራ ሽጉጥ ነው። ያለው መቺውን በግማሽ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው፤ ያ ጥርስ በእርጅና ይበላል፣ ሽጉጡ በመቺው በኩል ሲወድቅም ሊለቅ ይችላል። የጎረሰ ጥይት ላይ መቺውን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ማውረድም ጣት ላብ ሲኖረው የሚያመልጥ ነገር ነው። ቶካሬቭ ሙሉ ካዝና (እጀታው ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ) ይዞ፣ ሳይጎርስ ነው የሚታጠቁት።

ማካሮቭ ሌላ ነው። ሴፍቲው ወደ ላይ ሲዘጋ መቺውን ያወርዳል፣ መርፌውን እንዳይመታ ያግዳል፣ ላይኛውን ተንሸራታች ብረትም ይቆልፋል። ጎርሶ፣ ሴፍቲው ተዘግቶ፣ አፎት ውስጥ ሆኖ መያዝ ይቻላል። ሆኖም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተኩሶ ለማይለማመድ ሰው ሳያጎርስ ቢይዝ ይሻላል ባዮች ነን። ጉዳቱ አለ፤ ሽጉጡን ለማዘጋጀት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ አንደኛው እጅ ደግሞ የገንዘብ ቦርሳ ይዞ ይሆናል። ያም ሆኖ በየቀኑ ልብስ ሲያወልቅና ሲለብስ ሽጉጥ ለሚነካ ሰው የየቀኑ አደጋ ነው የሚበልጠው። እንደ ግሎክ ያሉት፣ ሴፍቲያቸው ምላጩ ላይ ያለ ሽጉጦች፣ ምላጩን የነካ ማንኛውም ነገር ያስተኩሳቸዋል፤ ለእነሱ ምላጩን የሚከድን ጠንካራ አፎት ከሌለ ጎርሶ መያዝ ጨርሶ አይታሰብም።

ማታ ጥይቱን ሲያራግፉ ቅደም ተከተሉን አይሳቱ። ካዝናው መጀመሪያ ይውጣ (የማካሮቭ መልቀቂያው እጀታው ታች ነው)፣ ቀጥሎ ተንሸራታቹ ይሳብ። ተንሸራታቹን አስቀድሞ ስቦ ካዝናውን ቆይቶ ያወጣ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን አጉርሷል፤ «ባዶ ነው» የተባለ ሽጉጥ ሰው የሚገድለው እንዲህ ነው። ማካሮቭን ለማራገፍ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ስለሆነ አፈሙዙ አሸዋ የሞላ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ ይመልከት። ተንሸራታቹን ሦስት ጊዜ ይሳቡ፣ የጥይቱን ማደሪያ በዓይን አይተው በትንሿ ጣት ይዳስሱ።

ማታ የወጣውን ያንኑ ጥይት ጠዋት ጠዋት መልሶ ማጉረስም ችግር አለው። ጫፉ በተደጋጋሚ ሲገፋ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሲተኮስ የጋዙ ግፊት ከልኩ ያልፋል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመው ያስተያዩት፤ ካጠረ ወደ ሽጉጥ አይመለስ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ አለኝ፤ ቀሚስ ስለምለብስ ወገቤ ላይ አይሆንልኝም። በእጅ ቦርሳዬ ብይዘው?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሌባ መጀመሪያ የሚነጥቀው ቦርሳ ነው፤ ገንዘቡን ሲወስድ ሽጉጡንም አስረከቡት ማለት ነው። ቤት ሲገቡ ቦርሳው ሶፋ ላይ ይጣላል፣ ልጅ ደግሞ ማስቲካ ፍለጋ ቦርሳ ይከፍታል። ቀሚሱ ላይ ሰፊ የወገብ መታጠቂያ አድርገው ከላይ ሹራብ ወይም ነጠላ ቢደርቡ ይሻላል።

ግድ ቦርሳ ከሆነ፣ ለሽጉጡ ብቻ የተለየ፣ በራሱ ዚፕ የሚዘጋ ክፍል ያለው ይሁን፤ ውስጡም አፎት ይሰፋበት። ቁልፍ፣ እስክሪብቶ፣ የከንፈር ቀለም እዚያ ክፍል አይግቡ፤ ሁሉም ምላጭ ለመጫን የሚበቃ ጥንካሬ አላቸው። ሽጉጡ ሳይጎርስ ይቀመጥ። ማንገቻው በደረት ላይ ተሻግሮ ይንገት፣ ባጃጅ ወለል ላይ አይቀመጥ። ቤት ሲደርሱ ከጫማዎ በፊት እሱን አውጥተው ግድግዳ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ሳጥን ይቆልፉበት።

ጥያቄ፦ ጋቢ ለባሽ ነኝ። ከጋቢው ሥር በብብት የሚንጠለጠለው አፎት ይሆነኛል? የቁርጭምጭሚቱስ?
(አባት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ ጋቢ ለመሸፈን ተወዳዳሪ የለውም፣ አባታችን፤ ለማውጣት ግን ጠላት ነው። እጥፋቱና ዘርፉ እጅ ላይ ይጠመጠማሉ፣ አፎት ውስጥም ይገባሉ። ብብት ሥር በአግድም የሚንጠለጠለው አፎት አፈሙዙን ከኋላዎ ወደተቀመጠው ሰው ያዞራል፤ በእድር ድንኳን ውስጥ ከኋላዎ ማን እንደሚቀመጥ ያውቁታል። አፈሙዙ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ይሻላል። የቁርጭምጭሚቱ ለትንሽ ሽጉጥ እንጂ ለከባድ አይሆንም፤ መንገዱ አቧራና ጭቃ ያለብሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ጠላ ወይም አረቄ የሚቀመስ ከሆነ ግን የትኛውንም አይያዙ፤ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ይደር። ለዘበኛ «ያዝልኝ» ብሎ መስጠትም አይሆንም፤ ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው።

ጥያቄ፦ በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት እመላለሳለሁ። ሽጉጤ ዝገት አበዛ። ጀልባ ላይስ እንዴት ልያዘው?
(ከባሕር ዳር ወደብ አካባቢ)

መልስ፦ ዝገቱን ያመጣው ጣና ሳይሆን ላብዎ ሳይሆን አይቀርም። የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ላብ ግን ጨው አለው። ከሱሪ ውስጥ ሰውነት ነክቶ የሚውል ሽጉጥ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ስስ የመሣሪያ ዘይት ይቀባ። ዘይቱ አይብዛ፤ ተርፎ ወደ ጥይቱ ከወረደ ጥይቱን ሊያመክነው ይችላል። ቆዳ አፎት ውስጥ ማሳደርም ይቅር፤ ቆዳው የጠጣውን እርጥበት ሌሊቱን ሙሉ ለብረቱ ይመልስለታል።

ጀልባ ላይ ወገብ ላይ አይያዙት። የሕይወት አድን ጃኬቱ ቀበቶ በላዩ ይታሰራል፣ ሽጉጡ ከሥር ይጎረብጣል፣ ውኃ ውስጥ ቢወድቁም ክብደቱ ያግዝዎታል ብለው አያስቡ። ጥይቱ ወጥቶ፣ ካዝናው ለብቻ፣ ሁለቱም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተቋጥረው እጅዎ በሚደርስበት ቦርሳ ይሁኑ። ደሴት ላይ ደግሞ ገዳም የሚሳለሙ ከሆነ ከቤት አለመያዝ ነው።

ውኃ ውስጥ ከገባ፣ በተለይ ክረምት ሐይቁ በደለል ሲደፈርስ፣ መጀመሪያ ያራግፉት፣ ፈታተው በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ ዘይት ይቀቡት። በውኃው የቆየው ጥይት ለወገብ መታጠቂያ አይመለስ። ሽጉጡ ራሱ ከጠፋ የዚያኑ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ ያስመዝግቡ፤ የተከታታይ ቁጥሩን ለብቻ ጽፎ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ኬላ ላይ ሲፈትሹ ሽጉጤን አውጥቼ ላሳይ?
(ሾፌር)

መልስ፦ በፍጹም። እጅዎ ወደ ወገብዎ ሲሄድ ፈታሹ የሚያየው ፈቃድ ሳይሆን ሽጉጥ የሚመዝ ሰው ነው። ሞተሩን ያጥፉ፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ያብሩ፣ ሁለት እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ፣ ከማንም ቀድመው «ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ቀኝ ወገቤ ላይ አለ፤ ምን ላድርግ?» ይበሉ። ከዚያ የሚታዘዙትን ብቻ፣ ቀስ ብለው። የፈቃዱን ወረቀት ሽጉጡ ባለበት በኩል ኪስ አይክተቱት፤ የሸሚዝዎ የግራ ደረት ኪስ ይበቃዋል።