«ልቤ ቀጥ ይልና ድው ብሎ ይመለሳል»

ጥያቄ፦ የ56 ዓመት ሰው ስሆን በጅማ ከተማ በቡና ንግድ እተዳደራለሁ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዛባት ሁለት ዓመት ካሠቃየኝ በኋላ ውጭ አገር ሄጄ በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚሰጠውን የአብሌሽን ሕክምና ካደረግሁ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። የቀድሞው ትርምስ ቀርቶልኛል። ነገር ግን በተለይ ማታ በግራ ጎኔ ስተኛ ልቤ ቀጥ ይልና ድው ብሎ ይመለሳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ የሚደጋግመኝ ቀን አለ። በሽታው ተመልሶብኝ ይሆን? ቡናስ ማቆም አለብኝ? ከዳንኩ ወዲያ ዋርፋሪን መዋጤስ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ልብዎ ቀጥ ያለ ቢመስልዎትም ቆሞ አይደለም። ልብ የመምታት ትእዛዝ የሚቀበለው በቀኙ የላይኛ ክፍል ካለች አንዲት ትንሽ ቦታ ሲሆን፣ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ በቀን ደግሞ ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። አልፎ አልፎ ከሌላ ቦታ ያለ ሕዋስ ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ያዝዛል፤ ሐኪሞች ኤክቶፒክ ምት የሚሉት ይህንን ነው። ልብ በደም ሳይሞላ የመጣ ምት ስለሆነ የሚገፋው ደም ጥቂት ነው፤ እጅ አንጓ ላይ እንኳ ላይሰማ ይችላል። ከእርሱ በኋላ ጥቂት ዕረፍት ይከተላል፣ በዚያ ዕረፍት ልብ ከወትሮው አብልጦ ይሞላል፣ ቀጣዩ ምትም በርትቶ ይመጣል። ስለዚህ «ድው» ብሎ የሚያስደነግጥዎት ጤነኛው ምት ነው። ለ24 ሰዓት የልብ ምት የሚመዘግበው ሆልተር የተባለ መሣሪያ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይ ሲታሰርም እንዲህ ያሉ ምቶች ይገኛሉ።

በእርስዎ ላይ የበዛበት ምክንያት ከሕክምናው ራሱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በ1998 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን የሚቀሰቅሱት ኤክቶፒክ ምቶች በአብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚገቡት ደም ሥሮች አፍ እንደሚነሡ አሳዩ፤ አብሌሽንም እነዚያን አፎች በጠባሳ ከቀረው የልብ ክፍል መለየት ነው። ጠባሳ ከመሆኑ በፊት ግን ቁስል ነው፤ ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይቆጣል፣ ነርቮቹም ስለሚነኩ የዕረፍት ጊዜ ምትዎ ለወራት ከቀድሞው ፈጠን ሊል ይችላል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚታየውን የምት መዛባት ሕክምናው እንደከሸፈ ሳይቆጥሩ ኖረዋል፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ጊዜውን ወደ 8 ሳምንት አሳጥሮታል። እርስዎ ገና በዚያ ውስጥ ነዎት።

መመለስ አለመመለሱን በጣትዎ መለየት ይልመዱ። ዐሥር ደቂቃ ያህል ዐርፈው ከተቀመጡ በኋላ አመልካችና መካከለኛ ጣትዎን ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ ያሳርፉና ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ለጅማ ሰው በሙቀጫ ልንገርዎት፦ ቡና የምትወቅጥ ሴት ዘነዘናዋን በእኩል ስታወርድ ቆይታ አንዱን ብታስቀድምና ትንፋሽ ወስዳ ወደ ስልቷ ብትመለስ፣ ያ ኤክቶፒክ ነው። ሦስት ሰዎች ሳይስማሙ በአንድ ሙቀጫ የሚወቅጡ ያህል ምንም ስልት ካላገኙበት ግን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ስለሚችል ስሜቱ ሳያልፍ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢ.ሲ.ጂ.) ይነሡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የበሉትንና የዋጡትን መድኃኒት በደብተር መጻፍ ለነጋዴ አይከብድም፤ ለሐኪምዎም ከብዙ ገለጻ ይሻላል።

ጅማ ተቀምጦ ቡና ተው ማለት ቀላል ምክር አይደለም፤ ደግነቱ ማስረጃውም ይህን ያህል አያስገድድም። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 100 ጤነኛ ሰዎች ለ14 ቀናት ቡና በሚጠጡበትና በሚተዉበት ቀን ምታቸው ሲመዘገብ፣ ከላይኛው ክፍል የሚነሡት ምቶች ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም፤ ከታችኛው ክፍል የሚነሡት ግን በቀን ከ102 ወደ 154 ከፍ አሉ፤ እንቅልፋቸውም በ36 ደቂቃ ገደማ አነሰ። ጥናቱ የልብ ሕሙማንን ያላካተተ ቢሆንም እኔ የምመክርዎ የጠዋቱን አቦልና ቶና እንዲይዙና የማታውን ረከቦት እንዲያልፉት ነው። የጫት ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን እንደተባለው አነቃቂ ዕፅ የሚሠራና ምትንም ግፊትንም የሚያንር ስለሆነ በዚህ ላይ አልደራደርም። ጠጅና አረቄም ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን ይቀሰቅሳሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመድኃኒት ከረጢት ነው። ፉሮስማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምና ማግኒዚየም ስለሚያሳንስ ኤክቶፒክን ያበዛል። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ማቅለሽለሽ ወይም ነገሮችን ቢጫ አድርጎ ማየት ከታከለበት መጠኑ በዝቶብዎት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ። የታይሮይድ ዕጢና የደም ማነስ ምርመራም ይጠይቁ። ምትን የሚያረግቡት ሜቶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል ከታዘዙልዎ በራስዎ ውሳኔ ድንገት አያቋርጡ።

ዋርፋሪንን የሚውጡት የልብ ምትዎን ለማስተካከል ሳይሆን ደም ረግቶ አንጎልዎን እንዳይመታ ነው። ከአብሌሽን በኋላ ቢያንስ ለ2 ወር ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ መቆሙ የሚወሰነው በሚሰማዎት ስሜት ሳይሆን በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳርና ቀድሞ በደረሰ የአንጎል ምት ነው፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ምንም ሳይሰማ ሊመጣ ይችላልና። በአገራችን ብዙ እንደሚታየው በሩማቲክ በሽታ ምክንያት የልብ ቫልቭ ጠብቦ ከሆነ ደግሞ ዋርፋሪኑ ጨርሶ አይቋረጥም። አይ.ኤን.አር. የተባለው የደም ምርመራ ውጤት ለብዙዎች ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ጎመን መብላት አልተከለከለም፣ ዛሬ ድስት ሙሉ ነገ ባዶ መሆኑ ነው ቁጥሩን የሚያናጋው።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ፈጣን ምት፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከመጣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በእነዚህ ሳምንታት ትኩሳት ከመዋጥ ችግር ወይም ከደረት ሕመም ጋር ቢመጣም እንዲሁ፤ አብሌሽን ማድረግዎን መጀመሪያ ይናገሩ፤ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት የምግብ ቧንቧ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ሊደረግልዎ አይገባም።

በግራ ጎን ሲተኙ የሚብስብዎት ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋና ክፍሉም ጸጥ ስለሚል ነው። ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ ራትዎንም ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድመው ይብሉ።