ባለ ቁጥሩን መላጊያ ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት

ጥያቄ፦ በውስን ቁጥር ብቻ የተሠራ፣ ጎኑ ላይ ተራ ቁጥር የተቀረጸበት የስቴንለስ ስቲል የእጅ መላጊያ አለኝ። ከነሳጥኑ አስቀምጬው ነበር። በቅርቡ ሳወጣው ታቹ ላይ ትንንሽ ቡናማ ነጠብጣቦች አየሁ። ልሥራበት ብዬ ስሞክረውም እንጨቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ከድሮው የብረት መላጊያዬ ይልቅ መግፋቱ ይከብደኛል። ታቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ላስተካክለው ወይስ ሳልነካው ላስቀምጠው?

መልስ፦ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው ይመልሱት። ሁለቱም ችግሮችዎ መፍትሔ አላቸው፤ አንዳቸውም ግን ብረት መፋቅ አይጠይቁም። እንዲህ ያለ መላጊያ ሠርቶ ዋጋውን አያጣም። ዋጋውን የሚያጣው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ገጽ ሲፋቅ ነው። ሰብሳቢ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው በታቹ ላይ ያለውን የማሽን መስመር ነው፤ በእጅ የተፈገፈገውን ደግሞ ገና ብርሃን ላይ ሲያዘነብለው ያውቀዋል።

ከነጠብጣቡ እንጀምር። ስቴንለስም ይዝጋል። የሚጠብቀው በውስጡ ያለው ክሮሚየም፣ ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆነው፣ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ላዩ ላይ የሚሠራው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቢቧጨርም አየር ካገኘ ራሱን ይጠግናል። ጨው፣ የላብ አሻራና የታፈነ እርጥበት ሲገናኙበት ግን ይሸነፋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ዝገቱ የመላጊያው አይደለም። ምላጭ ሲሳል የወጣ የብረት ብናኝ ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቅሪት ላዩ ላይ ተጣብቆ ይዝግና ጥፋቱ የስቴንለሱ ይመስላል።

ሳጥኑንም ይጠርጥሩ። ውስጡ የተለበጠው ስፖንጅና ለስላሳ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ከኦክ እንጨት የተሠራ ዝግ ሳጥን ደግሞ የኮምጣጤ አሲድ ትነት ያወጣል፤ ይህም ብረት ይበላል። ሳጥኑ ሲሸጡት ዋጋ ይጨምራልና አይጣሉት፤ ግን ባዶውን ያስቀምጡት። መላጊያውን ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ክፍት መደርደሪያ ላይ ቢያኖሩት ይሻላል።

ከማጽዳትዎ በፊት ማግኔት ያስጠጉት። ጨርሶ ካልሳበው ወይም በጥቂቱ ብቻ ከሳበው አካሉ ኒኬል ያለበት 300ዎቹ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 304 ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው። አጥብቆ ከሳበው ከ400ዎቹ ወገን ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ 416 የሚባለው በማሽን ለመቁረጥ እንዲቀል ድኝ ተጨምሮበታል፤ በዚህ ምክንያት ለዝገት ይበልጥ ይጋለጣል። ምላጩን አውጥተው ይሞክሩት፤ አለዚያ ማግኔቱ ምላጩን ስቦ ያሳስትዎታል።

አሁን ማጽዳቱ። ቅባቱን በአልኮል ይጥረጉ። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ለውሰው በለስላሳ ጨርቅ በማሽኑ መስመር አቅጣጫ ብቻ ይሹት። አቋርጠው አይሹ፤ ጭረቱ ለዘላለም ይታያል። በአብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል። ካላለቀና አካሉ ከ300ዎቹ መሆኑን አምራቹ ከገለጸ፣ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 50 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በጥብጠው በነከሩት ጨርቅ ቦታውን 20 ደቂቃ ይሸፍኑት። ከዚያ በተጣራ ውኃ አጥበው ወዲያው ያድርቁ። ይህ የተጣበቀውን ባዕድ ብረት አሟሙቶ ሽፋኑ እንዲመለስ ያግዛል። 416 ከሆነ ግን አሲዱ ራሱ ገጹን ሊያጠቁረው ስለሚችል በሶዳው ያብቁ። በረኪና ደግሞ በየትኛውም ላይ አይድረስ፤ ክሎሪኑ ጥቃቅን ጉድጓድ ይቆፍርበታል፤ ጉድጓድ ደግሞ አይጸዳም።

የመክበዱ ነገር። የድሮው መላጊያዎ የቀለጠ ብረት ነው ብዬ እገምታለሁ። እሱ ውስጥ ግራፋይት አለ፤ ግራፋይት ራሱ ያንሸራትታል፣ ገጹም ሰም ይዞ ይቆያል። ስቴንለስ ሁለቱም የሉትም። ክብደቱም በእኩል መጠን ሲለካ 10 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ታቹን ተራ ነጭ ሻማ ቶሎ ቶሎ ያስነኩት፤ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል፣ መጎተት ሲጀምር ይድገሙት። ሲሊኮን ያለበት የሚረጭ ቅባት ግን አይጠቀሙ። እንጨቱ ላይ ከቀረ ቫርኒሹ አልይዝ ብሎ ዓይን ዓይን እያለ ይከፋፈልብዎታል። ያን ጊዜ የሚያማርሩት ቫርኒሹን ይሆናል።

ከሻማው በኋላም ከከበደ ምላጩን ይዩ። ከፋብሪካ የመጣ ምላጭ ስል ነው ብለው አይመኑ፤ አብዛኛው ተሞርዷል እንጂ ለሥራ አልተሳለም። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ይጨነቃል፤ ዋናውን ምላጭ ከሳለው ‘ያልተነካ’ የሚለውን ቃል ያጣልና። መላው ቀላል ነው። ልኩ የሚገጥም ሁለተኛ ምላጭ ይግዙና በእሱ ይሥሩ። ዋናውን ዘይት ቀብተው ከምስክር ወረቀቱ ጋር ያስቀምጡት። ዘይቱን አይርሱ፤ አካሉ ስቴንለስ ሆኖ ምላጩ ብዙ ጊዜ ተራ የመሣሪያ ብረት ነው። ከእነዚህ ብረቶች ኤ2 የሚባለው ወደ 5 በመቶ ክሮሚየም ቢኖረውም ይዝጋል፤ ኦ1 የሚባለው ደግሞ ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነውና ፈጥኖ ይዝጋል። ሲገዙ ውፍረቱን ያመሳስሉ። ወፍራም ምላጭ የመላጊያውን አፍ፣ ማለትም ምላጩ ታቹ ላይ የሚወጣበትን ክፍተት፣ ያጠበውና ልጣጩ ይሰነቀራል። ያኔ አፉን በሞረድ ላስፋ የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይምጣ።

ብሎኖቹንም ልብ ይበሉ። ስቴንለስ ከስቴንለስ ጋር በጥርስ ሲፋተግ ይነካከስና ተጣብቆ ይቀራል። በጉልበት ከፈቱት ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ጥርሱ ላይ ትንሽ ሰም ያድርጉ፤ ሲያጠብቁም በጣት ይብቃ። ብሎኑ የናስ ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል።

ታቹ በእርግጥ ጠማማ ነው ብለው ከጠረጠሩ በትክክለኛ ቀጥ ያለ ማስመሪያና በመካኒክ ክፍተት መለኪያ ይፈትሹት። ሲለኩ ምላጩ ገብቶ ይጠበቅ፣ ጫፉ ግን ወደ ውስጥ ይመለስ፤ ማጥበቂያው አካሉን በጥቂቱ ስለሚወጥረው ሳይጠብቅ የተለካው አያስተማምንም። የፊቱ ጫፍ፣ የአፉ ከንፈርና የኋላው ጫፍ በአንድ መስመር ከነኩ፣ በመካከላቸው 0.05 ሚሊሜትር ቢጎድል ሥራዎን አይነካውም። የአፉ ከንፈር ከሁለቱ ጫፎች ገብቶ ከተገኘ ግን እውነተኛ ጉድለት ነው። ያኔም ራስዎ አይፈግፍጉት። በእጅ ሲፈገፈግ ጠርዞቹ ቀድመው ይበላሉ፤ 300ዎቹ ደግሞ ወረቀቱን ቶሎ ይደፍኑታል። ልኬቱንና ፎቶውን ከተራ ቁጥሩ ጋር ለአምራቹ ይላኩ፤ ያልተነካ ታች ይዘው ከጠየቁ ሊያስተካክሉት ወይም ሊቀይሩት ይችላሉ።