ከኢኮኖሚ ከፍ፣ ከቢዝነስ ዝቅ

ባለፈው እትም ስለ ረጅም በረራ ትንሽ ነገር ጫር አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ደብዳቤዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ነው፣ በተራው ኢኮኖሚና በቢዝነስ መካከል ስላለው የአውሮፕላን ክፍል። ይገዛ ወይስ ይቅር? ምን ይሰጣል? የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1 ሜትር ከ93 ነው። በቅርቡ 13 ሰዓት የሚፈጅ የሌሊት በረራ አለብኝ። ኢኮኖሚ ውስጥ ጉልበቴ ከፊት ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ ነው የምደርሰው። ቢዝነስ አቅሜ አይፈቅድም። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ብገዛ ልዩነት አለው ወይስ ገንዘቤን ነው የምጥለው? (ረጅሙ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላንተ ልዩነት አለው፣ ግዛ። ግን ምን እንደምትገዛ አውቀህ ግዛ።

ከአንድ ወንበር ጀርባ እስከ ቀጣዩ ወንበር ጀርባ ያለው ርቀት ኢኮኖሚ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 31 ወይም 32 ኢንች ነው። ፕሪሚየም ውስጥ 38 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጉልበትህን የምታድነው ይቺ 15 ሴንቲ ሜትር ናት። የመቀመጫው ስፋት ደግሞ በ1 ወይም በ2 ኢንች ይጨምራል። ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ረድፉን ስትቆጥር ግን ይገባሃል፦ ቦይንግ 777 ላይ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ኢኮኖሚ ውስጥ በአንድ ረድፍ 10 ሰው ያስቀምጣሉ፣ ፕሪሚየም ውስጥ 8። ቦይንግ 787 ላይ 9 የነበረው 7 ይሆናል። የአውሮፕላኑ ወርድ ያው ነው፣ የቀነሰው የሰው ቁጥር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከማታውቀው ሰው ጋር በክርን ስትገፋፉ የማታድረው ለዚህ ነው።

እንቅልፍ ግን አትገዛም። ይሄን ማንም ቲኬት ሻጭ ቆረጥ አድርጎ አይነግርህም። ወንበሩ ከኢኮኖሚው ትንሽ ሻል አድርጎ ወደኋላ ይጋደማል እንጂ አልጋ አይሆንም። የምታድረው ቁጭ ብለህ ነው። ብዙ ሰው የሚያዝነው ወንበሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ "ከቢዝነስ ትንሽ ዝቅ ያለ" ነው ብሎ ስለገባ ነው። ከኢኮኖሚ አንድ እርምጃ ከፍ ያለ ነው ብለህ ግባ፣ ደስ ብሎህ ትወርዳለህ።

ዋጋውን በተመለከተ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። በሁለቱ ቲኬቶች መካከል ያለውን ልዩነት በበረራው ሰዓት አካፍለው። የሚወጣው ቁጥር ለእያንዳንዱ ሰዓት ምቾት የምትከፍለው ነው። 13 ሰዓት ከሆነ እኔም አስብበታለሁ። ለ4 ሰዓት በረራ ግን ማንም አያሳምነኝም፣ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። የአንድ አቅጣጫ ብቻ መግዛት የሚቻል ከሆነ ደግሞ የሌሊቱን ፕሪሚየም አድርገህ የቀኑን በኢኮኖሚ ተመለስ። ቀን ላይ ፊልም እያየህ፣ እየተነሳህ እየተቀመጥክ ያልፋል።

ለነገሩ በረራው ሲረዝም አየር መንገዶቹም ራሳቸው ይሄን ያውቁታል። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ያለማረፊያ ከ18 ሰዓት በላይ የሚበርበት ኤርባስ ኤ350 ውስጥ ተራ ኢኮኖሚ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። 67 የቢዝነስና 94 የፕሪሚየም ኢኮኖሚ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያውን ረድፍ ግን ቶሎ ብለህ እንዳትመርጥ። ከፊትህ ግድግዳ ነው። ጉልበትህ ይተነፍስ ይሆናል፣ እግርህን ግን ከፊተኛው ወንበር ሥር ዘርግተህ መክተት አትችልም። ላንተ ቁመት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ረድፍ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ተጨማሪ ከፍዬ ስሙ ላይ "ፕላስ" የሚል ቃል ያለበት ወንበር ገዛሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስገባ ያው የድሮው ጠባብ ወንበር ነው! እግሬ ትንሽ ቦታ አገኘ እንጂ ሌላ ምንም የለም። ምግቡም ያው። ተጭበርብሬ ነው? (የተናደደችው)

መልስ፦ እህቴ፣ የትኛው አየር መንገድ እንደሆነ አልጠይቅሽም። በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ተቀራራቢ ስም ይዘው ስለሚሸጡ።

አንደኛው "የእግር ቦታ የጨመረ ኢኮኖሚ" ነው። ወንበሩ፣ ስፋቱ፣ ምግቡ ያው ኢኮኖሚ ሆኖ ከፊቱ ጥቂት ኢንች ይጨመርለታል። አንቺ የገዛሽው ይሄን ይመስለኛል። ሁለተኛው እውነተኛው ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ነው፦ ለብቻው የተከለለ ክፍል፣ ሌላ ወንበር፣ ብዙ ጊዜም ሻል ያለ ምግብ።

ስሙን እያዩ መለየት የማይቻለው ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳይሽ። የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ "ኢኮኖሚ ፕላስ" የሚለው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፣ የእግር ቦታ ብቻ። ፕሪሚየም ኢኮኖሚውን "ፕሪሚየም ፕላስ" ይለዋል። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረውን እውነተኛ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ "ወርልድ ትራቨለር ፕላስ" ብሎ ሰየመው። "ፕላስ" አንዱ ጋ ጥቂት ኢንች ነው፣ ሌላው ጋ ራሱን የቻለ ክፍል። የታይዋኑ ኢቫ ኤርና የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይሄን ነገር ሲጀምሩም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ነው የሰጡት፣ እስካሁንም እንደዚያው ቀጥሏል።

መላው ቀላል ነው። ከመክፈልሽ በፊት የወንበሮቹን ካርታ ክፈቺና በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር እንዳለ ቁጠሪ። ቁጥሩ ከኋላው ካለው ኢኮኖሚ ጋር እኩል ከሆነ ወንበሩም ያው ነው፣ ስሙን የፈለጉትን ያድርጉት። ካነሰ ፕሪሚየም ነው። ትራንዚት ካለሽ ደግሞ እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ እዪ። በረጅሙ በረራ ላይ ፕሪሚየም የሚል ቲኬት ብዙ ጊዜ በአጭሩ ላይ ተራ ኢኮኖሚ ነው፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ ክፍሉ ስለሌለ።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። እኔን ልትጠይቅ ልትመጣ ነው፣ በረራው 11 ሰዓት ይፈጃል። እግሯ ቶሎ ያብጣል። ወንድሞቼ "ኢኮኖሚ ክላስ ደም ያረጋል፣ ፕሪሚየም ካልሆነ አትምጣ" ብለው አስጨነቁኝ። እውነት ነው? (ልጃቸው)

መልስ፦ የወንድሞችህ ጭንቀት ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ጥፋቱን የጫኑት የማይመለከተው ላይ ነው። ደም የሚረጋው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ በመቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በአውሮፕላን ብቻ አይደለም፣ በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በመኪናም። እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፣ ግን ጤነኛ ሰው ላይ መነሻው ትንሽ ስለሆነ ከ6000 ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ነው የሚደርሰው። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ኢኮኖሚ መቀመጥ በራሱ ለዚህ እንደሚያጋልጥ ማስረጃ አላገኘም። አደጋ ከሚጨምሩት መካከል የቆጠረው በመስኮት በኩል መቀመጥን ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱን ላለማስቸገር አይነሳማ።

ስለዚህ እናትህ የትም ይቀመጡ የት፣ ወንበራቸው መተላለፊያው ጋ ይሁን። በተለይ እናቶች "ሰው አላስቸግርም" ብለው ሽንት ቤት እንኳን ሳይሄዱ ያድራሉ፣ ውኃም ላለመጠጣት ይሞክራሉ። ይሄን ቀድመህ ንገራቸው። በየሰዓቱ ተኩሉ ይነሱ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። እግራቸው የሚያብጥበትን ምክንያት ሐኪም አይቶት ካላወቀ ከበረራው በፊት ይታዩ፣ እግር የሚይዘው ጠበቅ ያለ ካልሲ ያስፈልጋቸው እንደሆነም እዚያው ይጠይቁ። ከእኔ ሳይሆን ከሐኪም።

አቅሙ ካለህ ፕሪሚየሙን ግዛላቸው፣ አልከለክልህም። ለመነሳትና ለመቀመጥ ይቀላቸዋል፣ ሕዝቡም አነስ ይላል። እንደ መድኃኒት ግን አትቁጠረው። አየሩም ለሁሉም አንድ ነው፣ ቢዝነስ ያለውም ኢኮኖሚ ያለውም የሚተነፍሰው እኩል ነው። በአየር በኩል ለውጥ የሚያመጣው የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 6000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ያህል ነው፣ በሌሎች ብዙ አውሮፕላኖች እስከ 8000 ጫማ ይደርሳል። ሁለት በረራ በተቀራራቢ ዋጋ ካገኘህ በእነዚህ የሚበረውን ውሰድላቸው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የ7 ወር ሕፃን ይዘን ነው የምንበረው። ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ይሻለናል አይደል? (አዲስ ወላጆች)

መልስ፦ የግድ አይደለም! እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ብዙዎቹ የፕሪሚየም ወንበሮች ጠረጴዛውን ክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ስለሚደብቁ ክንድ ማሳረፊያው ወደ ላይ አይነሳም። ሕፃኑን በመካከላችሁ አስተኝቶ መደገፍ የለም። ኢኮኖሚ ውስጥ ግን ይነሳል፣ አጠገባችሁ ያለው ወንበር ባዶ ከሆነላችሁ ደግሞ ትንሽ አልጋ ተገኘ ማለት ነው። እንዲያውም በጎደለ በረራ ላይ ኢኮኖሚ ውስጥ ሦስት አራት ባዶ ወንበር ይዞ የተጋደመ ሰው ፕሪሚየም ከፍሎ ቁጭ ብሎ ካደረው የተሻለ ይተኛል። እድል ነው እንግዲህ፣ አታቅዱበት።

ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ በፕሪሚየም ክፍሉ ይኑር አይኑር ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ እያንዳንዱ አየር መንገድ ይለያያል። ካለም ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አስይዙ። ክብደትም ይገደባል፣ 7 ወር ሲሞላው ልጃችሁ ስንት ኪሎ እንደሆነ ለኩት።

ጥያቄ፦ ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ከፍዬ በሩ ላይ ስደርስ "አውሮፕላኑ ተቀይሯል፣ ክፍሉ የለም" ብለው ኢኮኖሚ አስገቡኝ። ይቅርታ ብለው የሆነ ኩፖን ሰጡኝ። አለቀ ማለት ነው? (በሩ ላይ የቀረው)

መልስ፦ አላለቀም። በረራህ ከአውሮፓ ኅብረት አገር የተነሳ ከሆነ፣ ወይም ወደዚያ የገባ ሆኖ አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ፣ ደንብ ቁጥር 261/2004 ይመለከትሃል። ከገዛኸው ክፍል ዝቅ ካደረጉህ የዚያን በረራ ዋጋ 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ በ7 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ፣ እንደ ርቀቱ። ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ከኅብረቱ ውጭ ጋር የሚያገናኝ በረራ 75 በመቶው ጋ ነው የሚወድቀው። የሚሰላው ዝቅ በተደረግክበት በረራ ድርሻ ላይ ነው፣ በደርሶ መልሱ ጠቅላላ ዋጋ ላይ አይደለም። ኩፖን ደግሞ አንተ ፈርመህ ካልተስማማህ ገንዘቡን አይተካም።

ሌላ ቦታ ከሆነ ቢያንስ የዋጋ ልዩነቱን ጠይቅ። ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቀን ዋጋ ጋር አወዳድረው እንዳሰሉትም ጠይቅ። የበረራው ዕለት የኢኮኖሚ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ሊሆን ስለሚችል "ልዩነት የለም" ሊሉህ ይችላሉ። ቦርዲንግ ፓሶቹን፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ እንዳትጥል። እኔ አንዴ ጥዬ ሁለት ወር ተከራክሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ከበረራው በፊት "ዋጋ አቅርበው ወደ ፕሪሚየም ይደጉ" የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ጨረታ መሆኑ ነው። ስንት ልበል? (ተጫራች)

መልስ፦ መጀመሪያ ዛሬ በቀጥታ ብትገዛው ስንት እንደሆነ እይ፣ አንዳንዴ ልዩነቱ የሚያስጫርት አይደለም። ከዚያ የምታስገባው ዋጋ በሰውና በእያንዳንዱ በረራ መሆኑን አረጋግጥ፣ ለሁለት ሰው ለደርሶ መልስ ብለህ ያሰብከው አራት እጥፍ ሊሆንብህ ይችላል። ብታሸንፍም የሻንጣ ፈቃድህና ለበረራ የሚሰጥህ ነጥብ (ማይል) ብዙ ጊዜ በድሮው ቲኬትህ ነው የሚታሰበው።

ጥያቄ፦ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ሙሉ ለሙሉ ወደኋላ ለቀቀብኝ። ፕሪሚየም ውስጥ! ምን ይባላል? (የተጨፈለቀው)

መልስ፦ መብቱ ነው፣ ከፍሎበታል። ምግብ ሲቀርብ ግን ቀና ማድረግ አለበት፣ ካላደረገ አስተናጋጇን ጥራት፣ አንተ አትጣላ። ይሄ በጣም የሚያናድድህ ከሆነ የጃፓን አየር መንገድ ረጅም በረራ ላይ ጠንካራ የጀርባ ሽፋን ያላቸው ወንበሮች አሉት። ወንበሩ ሽፋኑ ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል እንጂ ከኋላ ያለው ሰው ላይ አይመጣም። የሚሄደው የራስህ የእግር ቦታ ነው። እኔ አልወደውም፣ ወደፊት የሚገፋኝ ይመስለኛል። የፊተኛው ወንበር ጉልበቱ ላይ እንዳይመጣበት የሚፈራ ሰው ግን ይወደዋል።

ጥያቄ፦ ላውንጅ ያስገባል? (አጭሩ)

መልስ፦ አየር ማረፊያው ውስጥ ያለው ልዩ ማረፊያ ክፍል በአብዛኛው አያስገባም። የመሳፈሪያውን ሰልፍ ግን ብዙ ቦታ ያሳጥርልሃል።