ተማሪን ማወያየት፦ ለጀማሪ የታሪክ መምህራን

ወጣት ባልደረቦቼ፣

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ስትጀምሩ ብዙ ጊዜ የሚደርሳችሁ የፍሬሽማን ክፍል ነው። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ኮመን ኮርስ፣ ጢም ያለ ክፍል። «እስቲ ተወያዩበት» ትላላችሁ። ጸጥ። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሦስት ልጆች ይናገራሉ፣ የቀረው ስልኩን ይነካካል። ከዚያ መምህራን ቢሮ ገብተን «የዘንድሮ ተማሪ አያነብም» እንባባላለን። እኔ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የጥያቄው ነው እላለሁ።

«የዓድዋ ድል ምክንያቶች ምንድን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድነት፣ ጀግንነት፣ ጥሩ አመራር። ከታች ክፍል ጀምሮ የሸመደዱት ነው። ማንም አይሳሳትም፣ ስለዚህ ማንም አይከራከርም።

እንዲህ ብላችሁስ ብትጀምሩ? የካቲት 23 ቀን 1888 አልፏል። ጣሊያን ተሸንፏል። አሁን መጋቢት ነው፣ እናንተም ከምኒልክ አማካሪዎች ጋር ተቀምጣችኋል። መረብን ተሻግራችሁ ወደ አሥመራ ትዘምታላችሁ ወይስ ወደ ሸዋ ትመለሳላችሁ?

ከጥያቄው ጋር አንድ ገጽ ስጧቸው፣ ከአንድ አይብለጥ። ሃያ ገጽ ሃንድአውት የሚያነበው የለም፣ እውነቱን እንነጋገር። ገጹ ላይ ሁለቱም ወገን የሚይዘው ነገር ይኑር። የዘማቹ ስንቅ ተመናምኗል። ትግራይ በክፉ ቀን ረሃብ ተጎድታ ሳታገግም ጦር ሰፍሮባታል። የአዲግራት ምሽግ ገና በጣሊያን እጅ ነው። ጄኔራል ባልዲሴራ ዓድዋ ላይ በተሸነፈው የጣሊያን ጦር አዛዥ በባራቲየሪ ቦታ ተተክቶ ምጽዋ ደርሷል፣ ተጨማሪ ጦርም እየገባለት ነው። በሌላ በኩል ሮም ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት ወድቋል፣ ብዙ ምርኮኛም በእጃችሁ አለ። የጥቅምት 1889ን የአዲስ አበባ ውል ግን ገጹ ላይ አታስገቡ። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው መወሰን አይቸግረውም።

ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይጻፉ። «ዝም አይነቅዝም» ሲባል ያደገን ልጅ እጅህን አውጣና ተናገር ማለት ከባድ ነው። ወረቀቱ ላይ የጻፈውን አንብብልን ማለት ይቀላል። ቋንቋም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ተብሎ ሐሳቡ በአፉ ላይ የሚደርቅበት ስንት ተማሪ አለ! መጀመሪያ ከጎኑ ካለው ጋር በፈለገው ቋንቋ ይነጋገር፣ በእንግሊዝኛ የሚያቀርበው ኋላ ይደርሳል። ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም ሲሉ ደግሞ ራሳችሁ አትመልሱ። ያ ዝምታ ከተማሪው ይልቅ መምህሩን ያስጨንቃል፣ ቻሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ውይይቱ ሲሞቅ አንዱ «ምኒልክ ኤርትራን ሸጠ» ይላል፣ ሌላው ንጉሡ ተነካብኝ ብሎ ይነሳል። ግማሹ ነገር ከቤት፣ ግማሹ ከቲክቶክ የመጣ ነው። ያኔ ዳኛ አትሁኑ፣ «ተረጋጉ» እያላችሁም አታዳፍኑት። «ይህን የሚደግፍ ነገር ገጹ ላይ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሁለቱንም። አንደኛው ስለ ስንቁ፣ ሌላኛው ስለ ክሪስፒ መውደቅ ማውራት ሲጀምር ጠቡ ወደ ክርክር ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ትግራይ ሲነሳ ዓይናችሁን ወደ ትግራይ ልጅ፣ ስለ ደቡብ ዘመቻዎች ሲነሳ ወደ ኦሮሞ ወይም ወላይታ ልጅ አታዙሩ። «እናንተ ጋ እንዴት ይታያል?» የሚለው ጥያቄ አክብሮት ይመስላል። ልጁ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ እንጂ የማንም ተወካይ አይደለም። በዚያች ቅጽበት የራሱን ሐሳብ የመያዝ መብቱን ትነጥቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ሴሚስተሩን ሙሉ ቢናገር ለወገኑ ነው፣ ዝም ቢልም ለወገኑ ነው።

ለተሳትፎ ነጥብ የምትሰጡ ከሆነ ለብዙ ወሬ አትስጡ። የጓደኛውን ሐሳብ ሰምቶ የራሱን ላሻሻለ ስጡ።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ውሉን አውጡት። ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች፣ የውጫሌ ውል ተሻረ፣ ኤርትራ በጣሊያን እጅ ቀረች። ሐሳቡን የሚቀይር እንዳለ ጠይቁና በአንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ እዘዙ። በር ላይ «ቲቸር፣ ታዲያ መልሱ የቱ ነው?» የሚል አይጠፋም። የእናንተን አቋም ደብቁ አልላችሁም። ጽሑፋቸውን ከሰበሰባችሁ በኋላ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ ከነምክንያቱ ንገሯቸው። ያኔ እናንተንም «ገጹ ላይ የቱ ጋ ነው?» ይሏችኋል።