ካርዱ ሌላ፣ መብቱ ሌላ፦ ወደ አሜሪካ ለምትሄዱ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ ሰነድ ስተረጉምና ማመልከቻ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። ዲቪ የደረሰው፣ አባቷ ያስጠራት፣ ባሏ የሚወስዳት ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ ይመጣል። አሜሪካ እንዴት እንደሚገባ የሚመክር ሰው ሞልቷል። ግሪን ካርዱ፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ካርዱ፣ ከተያዘ በኋላ ግን ሁሉም «አለፈልህ» ብሎ ይተዋችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ከ«አለፈልህ» በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

እኛ ወሎዬዎች የስደት ወረቀት የምናውቀው በኢቃማ፣ በሳዑዲው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ሳዑዲ ሰው ያልላከ ቤት ስንት አለ? ኢቃማን የሚያሳድሰው አሠሪው ነው። ቀኑ ካለፈ ሰው ይታሰራል፣ ይባረራል። ያንኑ ፍርሃት ይዘን ግሪን ካርድ ላይ እንመጣለን። እና የማያስፈራውን ፈርተን የሚያስፈራውን እንንቃለን።

መደበኛው ግሪን ካርድ ለ10 ዓመት ይሰጣል። 10 ዓመቱ ሲሞላ የሚያልፍበት ካርዱ ነው እንጂ አሜሪካ የመኖር መብታችሁ አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። እርግጥ ነው፣ ቀኑ ያለፈ ካርድ ይዞ ሥራ መቀጠርም አውሮፕላን መሳፈርም ጣጣ አለው። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ሊያልፍበት 6 ወር ሲቀረው አይ-90 የሚባለውን ፎርም ሙሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ተመን ክፍያው በኦንላይን 415 ዶላር፣ በወረቀት 465 ዶላር ነው። ከዚያው ዓመት መስከረም ወዲህ የማመልከቻው ደረሰኝ የቆየውን ካርድ ለ36 ወር ያራዝመዋል። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ። አሠሪያችሁ በዚህ ጉዳይ ምንም አያገባውም።

ሁሉም ካርድ ግን የ10 ዓመት አይደለም። እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በጋብቻ ሄዳችሁ፣ አሜሪካ ስትገቡ ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣችሁ የ2 ዓመት ካርድ ነው። ይህ ካርድ በአይ-90 አይታደስም። ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ-751 የሚባል ፎርም ባልና ሚስት አብረው ያስገባሉ። ይህኛው ቀን ቀልድ የለውም፤ ዝም ብላችሁት ካለፈ መብቱም አብሮ ይሄዳል።

አንዳንድ ባል ይህን ያውቅና መያዣ ያደርገዋል። «ከተናገርሽ አልፈርምልሽም፣ ወደ ደሴ ትመለሻለሽ» ይላል። እናቷ እንዳትጨነቅ ብላ ሁሉን ችላ የምትኖር ልጅ አለች። ስሚኝ የኔ አበባ፦ የእሱ ፊርማ የግድ አይደለም። ጋብቻው በእውነት የተመሠረተ ከሆነና ከተፋታችሁ፣ ወይም እሱ የሚደበድብሽና የሚያሰቃይሽ ከሆነ፣ ፎርሙን ብቻሽን ማስገባት ሕጉ ይፈቅድልሻል። ለዚህም የ90 ቀኑን መስኮት መጠበቅ የለብሽም። የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ ፎቶ፣ የሐኪምና የፖሊስ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ሰብስቢ። ፓስፖርትሽንና ካርድሽን ለማንም አደራ አትስጪ።

አሁን ወደሚናቀው አደጋ ልምጣ። መብቱን በብዛት የሚያሳጣው አገር ቤት ረጅም ጊዜ መቆየት ነው። ለግሸን ማርያም ወይም ለጀማ ንጉሥ መውሊድ የመጣ ልጅ፣ እናቱ ትታመማለች፤ «ትንሽ ልቆይ» ይላል። ወሩ ወርን ይወልዳል። ማንም አይፈርድበትም፣ እናት ናት። ነገር ግን ከ1 ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ከ6 ወር በላይ መቆየትም ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። «በዓመት አንዴ ረግጦ መመለስ ይበቃል» የሚባለውን አትመኑ። ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን የሚመዝነው ኑሯችሁ የት እንዳለ ነው፦ ቤታችሁን፣ ሥራችሁን፣ የግብር ወረቀታችሁን።

ረጅም ጊዜ እንደምትቆዩ ከገመታችሁ የመመለሻ ፈቃድ አውጡ። ብዙውን ጊዜ ለ2 ዓመት ይሰጣል። ማመልከቻው የሚገባው ግን አሜሪካ ውስጥ ሳላችሁ ነው፤ ደሴ ከደረሳችሁ በኋላ አይሆንም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለቀራችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ኤምባሲ የሚጠየቅ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ አለ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነት ውስጥ ሲገቡ መንገዱም ስልኩም ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በቃል ማስረዳት አይበቃም፤ የተሰረዘ ቲኬት፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤ ሁሉ ይቀመጥ። ኤርፖርት ላይ «ነዋሪነቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሙ ብትባሉ ደግሞ መፈረም ግዴታ አይደለም። ጉዳዬን ዳኛ ይይልኝ ማለት ትችላላችሁ።

ስለ ወረቀቶቻችሁ ሙያዬ ስለሆነ ሳልናገር አላልፍም። የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለዳችሁ አብዛኞቻችሁ የልደት ወረቀታችሁ ካደጋችሁ በኋላ የወጣ ነው። መሐመድ የሚለው ስም ቀበሌ መታወቂያው ላይ በአንድ «ኤም»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤም» ይጻፋል። ሰይድም እንዲሁ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ደግሞ የኢትዮጵያውን ቀን ሳይቀይር በፈረንጅ ቀን ቦታ ይጽፈዋል፤ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ልጃችሁ ከ21 ዓመት በታች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብዙ ነገር በሚወስንበት ሕግ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። የትውልድ ቦታውንም አንዱ ወረቀት «ወሎ ክፍለ ሀገር»፣ ሌላው «ደቡብ ወሎ» ይለዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉንም ከፓስፖርታችሁ ጋር አስማሙ። ካርዱ በፖስታ ሲመጣም ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡት። ስህተቱ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከሆነ ያለ ክፍያ ያርማል።

ለወረቀት ሲባል ብቻ የሚደረገውን የኮንትራት ጋብቻ በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ተዉት። ቪዛውን ብታልፉ እንኳ ከዓመታት በኋላ ዜግነት ስትጠይቁ ፋይሉ ተመልሶ ይከፈታል፤ ዜግነት ካገኙ በኋላ እንኳ የሚነጠቁ አሉ።

አድራሻ ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ ትመዘገባለህ?» ቢሏችሁ አይ በሉ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገቡ እስከ መባረር ያደርሳል። ልጃችሁ 14 ዓመት ሲሞላው በ30 ቀን ውስጥ ካርዱ እንዲቀየር አመልክቱ፤ አሻራም ይሰጣል።

ዜግነት ለአብዛኛው ሰው ከ5 ዓመት በኋላ ይጠየቃል፤ አሜሪካዊ የትዳር ጓደኛ ላለው አብረው እየኖሩ ከሆነ ከ3 ዓመት በኋላ። እስከዚያ ግን ኢትዮጵያዊ ናችሁ፤ የፓስፖርታችሁ ቀን እንዳያልፍ አሳድሱት። የእኛ ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የአሜሪካውን ስትወስዱ የኢትዮጵያው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ አገር ቤት የምትገለገሉበት በተወላጅነት መታወቂያ፣ በቢጫ ካርዱ ነው።

ካርዱ እዚህ ለጉብኝት ስትመጡ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ። ለፖሊስ አመልክቱና ማስረጃ ውሰዱ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ኤምባሲ አይ-131ኤ በሚባለው ፎርም የመሳፈሪያ ወረቀት ትጠይቃላችሁ። የካርዱ የፊትና የኋላ ኮፒ ካለ ነገሩ ይቀላል። አንዱን ኮፒ ለእናታችሁ ወይም ለምታምኑት ወንድም ስጡ፤ ሌላውን ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡ።