በካያኬ ሆድ ውስጥ ያለው ውኃ ከየት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት ርዝመቱ 12 ጫማ የሆነ፣ ከላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት የፕላስቲክ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ፖቶማክ ወንዝ ላይ አራት አምስት ሰዓት ቆይቼ ወደ ዳር ስመለስ ጀርባው ይከብድብኛል፤ የኋላውን ውታፍ ነቅዬ ሳዘነብለውም 2 ጋሎን የሚሆን ውኃ ይወጣል። ከመቀመጫው ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በሙሉ ወተፍኳቸው፤ አልቀነሰም። ሲሊኮን ገዝቼ በጠረጠርኩት ቦታ ሁሉ ቀባሁ፤ ከሁለት ጉዞ በኋላ እንደ ቆዳ ተልጦ ወጣ። ያደግኩት ባሕር ዳር ስለሆነ፣ ታንኳ ውኃ ማስገባቱ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ነገሩ ሳይጣራ ውኃ ላይ እንዳልወጣ ከልክላኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። ያሳሳተዎት ታንኳንና ካያክን በአንድ ዓይን ማየትዎ ነው። የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው የተሠራበት ደንገል ራሱ ከውኃ ስለሚቀልል ነው፤ ውኃ እየጠጣ ቢከብድም ባለቤቱ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል እንጂ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት አይሰጥምበትም። ካያክዎ ግን በጥቂት ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ የተከበበ አየር ነው፤ አየሩ ቦታውን ለውኃ በለቀቀ ቁጥር የሚሸከምዎት ኃይል ይቀንሳል። 2 ጋሎን 7.5 ሊትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም 7.5 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህ ብቻውን አያሰጥምዎትም፤ አስጊው ውኃው አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። መረብ ይዘው ዓሣ ለማንሳት ወደ ቀኝ ዘንበል ሲሉ በሆዱ ውስጥ ያለው ውኃም ወደዚያው ወገን ይፈስሳል፤ ካያኩ ሊቃና በሚገባው ቅጽበት ውኃው ይበልጥ ያጋድለዋል። ብዙ ሰው ተገልብጦ ራሱን ውኃ ውስጥ ካገኘ በኋላ ነው ሆዱ ሞልቶ እንደነበር የሚያውቀው።

ከመቀመጫው ሥር ስላሉት ቀዳዳዎች የተፈጠረው ግርታ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱ የካያክ ጥያቄዎች ግማሹ ከእርሱ ይነሣል። እነዚያ ቀዳዳዎች ከላይኛው ወለል እስከ ታችኛው ድረስ የሚያልፉ ቱቦዎች ናቸው፤ ሥራቸው ወለሉ ላይ የተረጨውን ውኃ መልሶ ወደ ወንዙ ማውረድ ብቻ ስለሆነ ከካያኩ ሆድ ጋር አይገናኙም። ስለዚህ መወተፋቸው ወለሉ ላይ ውኃ ያቁር እንደሆነ እንጂ ወደ ሆዱ የሚገባውን አያስቀርም። ነገር ግን የቱቦው ግድግዳ ከታችኛው ወለል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ በእርግጥ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በተለይም የቀድሞው ባለቤት በእነዚህ ቀዳዳዎች በሚሰካ ባለጎማ ጋሪ ዕቃ እንደ ጫነ ሲጎትተው ከኖረ፣ የካያኩ ክብደት በሙሉ ያረፈው በዚያ ቀጭን ጥግ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹን ሲመረምሩ በእጅ ባትሪ እያበሩ የቱቦውን ሥር ዙሪያውን በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ዓይን ያላየውን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ጥፍር ይይዘዋል።

በሆዱ ውስጥ ያለ ውኃ ሁሉ ግን የቀዳዳ ምልክት አይደለም። አንድ ሁለት ኩባያ የሚሆን ውኃ በላብ መልክም ሆነ በዕቃ መክተቻው ክዳን በኩል ሊገባ ስለሚችል አያስደነግጥም። ከዚህ ጋር የተያያዘ፣ ጥቂት ሰው ብቻ ልብ የሚለው ምክንያትም አለ። ካያኩ መኪና ጣሪያ ላይ በፀሐይ ግሎ ውስጡ ያለው አየር 50 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ በቀጥታ 15 ዲግሪ ውኃ ላይ ሲያርፍ፣ አየሩ በአንድ አሥረኛ ያህል ይኮማተራል፤ ቀፎውም፣ ማለትም የካያኩ የፕላስቲክ አካል፣ እንደ ሲሪንጅ ይሆንና በሌላ ጊዜ ጠብታ በማያሳልፍ ጥቃቅን ክፍተት ሁሉ ውኃ ይስባል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም፤ በጉዞና በማቆያ ጊዜ ውታፉን ይክፈቱት፤ ከዚያም ውኃ ላይ ከማውረድዎ በፊት ካያኩን ጥላ ውስጥ አቀዝቅዘው ይዝጉት። የ2 ጋሎኑ ነገር ግን በዚህ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ፍለጋው። በእኔ እምነት ቦታው በእርግጠኝነት ሳይታወቅ ምንም ዓይነት ማሸጊያ መቀባት የለበትም፤ እኔም የመጀመሪያ ካያኬን ያበላሸሁት እንደ እርስዎ በግምት በቀባሁት ሲሊኮን ነበር። በመጀመሪያ ሆዱን በስፖንጅና በጨርቅ ፈጽመው ያድርቁት፤ እጅዎ በሚደርስበት ብሎን ሥር ሁሉ ደረቅ የወጥ ቤት የወረቀት ፎጣ በቴፕ ይለጥፉ። ከዚያ ሰው ሳይቀመጥበት ለግማሽ ሰዓት የረጋ ውኃ ላይ አስረው ይተዉት፤ ከፍተው ካዩ በኋላ ደግሞ ራሳቸውን ፎጣዎች እንደ ተለጠፉ ትተው ተቀምጠውበት ዳር ዳሩን ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቅዘፉ። ባዶውን ውኃ ካስገባ ቀዳዳው ከታችኛው ወለል ላይ ነው። ባዶውን ደረቅ ሆኖ እርስዎ ሲቀመጡበት ከረጠበ፣ ቀዳዳው በክብደትዎ ምክንያት ወደ ውኃው በሚወርደው ጎን ላይ ነው፤ ወይም ቀፎው ሲጫነው ብቻ አፉን የሚከፍት ስንጥቅ አለ። ሁለቱንም ጊዜ ደርቆ ማዕበል ባለበት ቀን ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ግን ታችኛውን ወለል ይተዉትና ክዳኖቹንና ከላይ የተገጠሙትን ዕቃዎች ይጠርጥሩ። በየፎጣው ላይ የሚታየው እርጥበት ቦታውን እስከ አንድ ስንዝር ድረስ ያጠብልዎታል።

ከዚያ በኋላ ነው ሳሙናው የሚመጣው። በኋላው ውታፍ ቀዳዳ በኩል አየር በሚነፋ የቫኪዩም ቱቦ ለስለስ ያለ አየር ይስጡት፤ ቱቦውን በጨርቅ ከበብ ያድርጉት እንጂ ጥብቅ አድርገው አይድፈኑት፤ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ግን ቀፎውን ሊያብጠውና ሊሰነጥቀው ስለሚችል ፈጽሞ አያስጠጉ። ወፍራም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በስፖንጅ እየቀቡ በትዕግሥት ይመልከቱ። ትልቅ ቀዳዳ ወዲያው ያንቦጨቡጫል፤ ትንሹ ግን በአንድ ብሎን ራስ ዙሪያ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ አረፋዎችን ቀስ እያለ ይደረድራል። እያንዳንዱን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፤ አንዱን አግኝተው ፍለጋውን እንዳያቆሙ፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ አጠገቡ ነው።

በሁለተኛ እጅ በተገዛ የማጥመጃ ካያክ ላይ አስቀድሜ የምጠረጥረው ስንጥቅን ሳይሆን ትራፓኖን ነው። የማጥመጃ ዘንጉ መያዣ፣ የዓሣ መፈለጊያው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የመልሕቁ መዘውር፣ ሁሉም ፋብሪካው ያላሰበው ቀዳዳ ናቸው። በተለይም መካከሉ ክፍት የሆነው ተራ ሪቬት (ዕቃን ከቀፎው ጋር የሚያያይዝ የብረት ችንካር) ውኃ በልቡ በኩል ስለሚያሳልፍ ጫፉ ዝግ በሆነው ዓይነት መተካት አለበት። ብሎኑ ተፈትቶ የቆየው ማሸጊያ በሙሉ ከተጠረገ በኋላ ለጀልባ የተሠራ ማሸጊያ ተቀብቶ፣ ከውስጥ ሰፊ ዋሸርና ነት ተደርጎለት እንደገና ይጠበቅ። የውታፉ ጎማ ቀለበት ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ከጥቂት ዶላር በማይበልጥ ዋጋ ይለወጣል። ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ጥፋተኛው እርሱ ሆኖ ቢገኝ አይናደዱ።

ስንጥቅ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል። ካያክዎ የተሠራው ከፖሊኢትሊን፣ ማለትም በጀሪካን ከሚታወቀው የፕላስቲክ ዘር ነው፤ ይህ ፕላስቲክ ማስቲሽም ሆነ ሲሊኮን አይይዝም፤ የእርስዎ ሲሊኮን የተላጠውም ስለዚህ ነው። ትክክለኛው ጥገና ብየዳ ነው፤ የስንጥቁ ሁለት ጫፎች ከዚያ በላይ እንዳይሄዱ 3 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ ይበሳሉ፤ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ ይጸዳል፤ ከዚያም ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ዘንግ ከግድግዳው ጋር አብሮ እንዲቀልጥ ይደረጋል። የሲሊኮን ቅሪት ካለ ብየዳው ስለማይጣበቅ የቀቡትን በሙሉ መፋቅ የመጀመሪያ ሥራዎ ይሆናል። ከመበየድዎ በፊት የቀፎውን ዓይነት አምራቹን ይጠይቁ፤ አንዳንድ ቀፎዎች የሚሠሩበት የሞለኪውል ሰንሰለቱ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ፖሊኢትሊን ሲሞቅ ይከስላል እንጂ አይቀልጥምና። የታችኛው ወለል በመጎተት የሳሳበትን ቦታ ጥቂት ሰው በቤቱ ሊበይደው ይችላል፤ የቱቦውን ሥር ግን እኔ ብሆን ለባለሙያ እሰጠዋለሁ።

ጥገናው እስኪያልቅ ድረስ ውኃ ላይ አይውጡ። ከዚያ በኋላም ቢሆን በየሰዓቱ ክዳኑን ከፍተው የመመልከት ልማድ ይያዙ፤ የእጅ ፓምፕና ስፖንጅ ከአጠገብዎ አይለዩ። ሚያዝያ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ባለው የፖቶማክ ዳርቻ፣ ፍሌቸርስ ኮቭ፣ ዓሣ ሲበዛ አየሩ ሞቆ ውኃው ገና በጣም ቀዝቃዛ መሆኑን አይርሱ። ሕጉ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ካያኩ ላይ እንዲኖር ያዛል፤ ከመቀመጫው ጀርባ የታሰረ ጃኬት ግን ለተገለበጠ ሰው አይደርስለትም፤ ይልበሱት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀዳዳውን ከመፈለግ ይልቅ የካያኩን ሆድ በሙሉ በሚያብጥ የግንባታ ፎም ብሞላው ውኃ የሚገባበት ቦታ አይኖርም ብዬ አስቤአለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። የሚያብጠው ፎም እየሰፋ ሲሄድ ቀፎውን ሊያጣምመው ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ከቀፎው ጋር በሚኖረው ክፍተት የገባ ውኃ መውጫ ስለሚያጣ ካያኩ በየጊዜው እየከበደ ይሄዳል፤ ብሎን ለመቀየር ቢፈልጉም እጅ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ያሰቡት ካያኩ ውኃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰጥም ከሆነ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን ልጆች መዋኛ ላይ የሚጫወቱባቸው ረጃጅም የፎም ዱላዎች ይበቃሉ። አምስት ስድስት ያህሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጠርዞች ይሽጎጧቸው፤ መካከሉ ላይ ውኃው ወደ ውታፉ የሚሄድበትን መንገድ ይተዉለት፤ በየወቅቱ መጨረሻም አውጥተው ያድርቋቸው።