ባንዱ 88 ሰጠኝ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ግን መሪ እንደያዝኩ ተኛሁ

ከሞጣ የጻፍከው መምህር ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ3,500 ብር የገዛኸው ባንድ፣ ማለትም እንደ ሰዓት እጅ ላይ ታስሮ እንቅልፍ የሚመዘግበው ዕቃ፣ ጥልቅ እንቅልፍህ 35 ደቂቃ ብቻ ነው ይልሃል። ስምንት ሰዓት ተኝተህም ደክሞህ ትነሳለህ። ተማሪዎቹ ከሰሌዳ እየገለበጡ አንተ ወንበር ላይ ታንጎላጃለህ። "የተሻለ ባንድ ጠቁሙኝ" ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የባንድ ስም ዘርዝረውልሃል። እኔ ግን ባንድ አትቀይር ነው የምልህ። ገንዘብህን ያዝ። ለሌላ ነገር ትፈልገዋለህ።

የቡሬ ልጅ ነኝ። አይሱዙ ነው የምነዳው። በቆሎ ጭኜ አዲስ አበባ፣ ሸቀጥ ጭኜ ወደ ቤት። ባንድ ማሰር የጀመርኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። የጻፍከው ሁሉ በእኔ ላይ ደርሷል። ስለዚህ እንደምታንኮራፋ አድርጌ ነው የምመልስልህ።

1. መጀመሪያ የስልክህን ሰዓት እይ። ብዙዎቻችን ስልካችንን በሐበሻ ሰዓት ነው የምንሞላው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው። ባንዱ ደግሞ ሰዓቱን የሚወስደው ከስልኩ ነው። እኔ ማታ 4 ሰዓት ስተኛ እሱ ገና ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። ሌሊቱን ሙሉ የተኛሁትን የቀን ሸለብታ አድርጎ ይመዘግበዋል። ሁለት ወር ሙሉ "የሌሊት እንቅልፍ የለም" እያለኝ ስጨነቅ ከረምኩ። የሸጠልኝ ልጅ ጋ ብሄድ "ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ" አለኝ። እንኳን አልሰማሁት። ያስተካከለልኝ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ስልኩ ሰዓቱን ራሱ እንዲሞላ አደረገው። የሐበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ደግሞ ለብቻው ጫነልኝ። አለቀ። ማታ 4 ሰዓት ባንዱ ላይ 22:00 ሆኖ ይታይሃል፤ ትለምደዋለህ።

2. ባንዱ እንቅልፍህን አያየውም። ከሥሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት የደም ሥርህን እያየ የልብ ምትህን ይቆጥራል። ሌላው ሴንሰር የእጅህን እንቅስቃሴ ይከታተላል። ከሁለቱ ተነስቶ ይገምታል። ጥልቅ እንቅልፍ የሚታወቀው ግን በአንጎል ሞገድ ነው፤ እሱን ለመለካት ራስ ላይ ሽቦ መለጠፍ ያስፈልጋል። ያቺ የ35 ደቂቃ ቁጥርህ ግምት ናት። እሷን ይዘህ አትጨነቅ። ባንድ መተኛትህንና መንቃትህን በመለየት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ነቅቶ ዝም ያለን ሰው እንደ ተኛ ይቆጥራል።

ይህን ያረጋገጥኩት ለቅሶ ቤት ነው። ጎረቤታችን ያረፉ ጊዜ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድንኳን ውስጥ ጋቢ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ዓይኔን አልከደንኩም። ከልጃቸው ጋር ዝም ተባብለን ነው ያደርነው። ጠዋት አፑን ስከፍት ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተኝተሃል አለኝ። ግማሽ ሰዓቱን ደግሞ "ጥልቅ" ብሎታል።

3. ስኮሩን፣ ባንዱ ጠዋት ጠዋት ለእንቅልፍህ ከ100 የሚሰጥህን ነጥብ፣ ማስረጃ አታድርገው። እዚህ ላይ ልቆይ፤ የጻፍኩልህም ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ስለ ማንኮራፋቴ ታወራለች። በኋላ ግን የምትለው ሌላ ሆነ። "ትንፋሽህ ቀጥ ይላል። እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ከዚያ እንደታነቀ ሰው ትስባለህ። አንተን ስጠብቅ እኔ እንቅልፍ አጣሁ" አለችኝ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አሥር ጊዜ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። 86። "ይኸው፣ ማሽኑ ከአንቺ ይበልጥ ያውቃል" አልኳት። ያን ቃል በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አጠገቤ ሆና ሌሊቱን ሙሉ የምታየኝን ሰው በእጄ ላይ ባሰርኩት ፕላስቲክ ዝም አሰኘኋት።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በቆሎ ጭኜ ደጀን አደርኩ። አልጋ ይዤ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኛሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። ባንዱ 88 ሰጠኝ። እስከዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው። ደስ አለኝ። ቡና ጠጣሁ፣ ፍሬኑን ፈተሽኩ፣ የጭነቱን ገመድ አጠበቅሁ፣ ቁልቁለቱን ጀመርኩ።

ዓባይ በረሃን የምታውቀው ነው። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ ያንኑ ያህል ትወጣለህ። በከባድ ማርሽ እየወረድኩ ሳለ ከአንድ ኩርባ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው "ጋሼ!" የሚል ጩኸት ነው። ረዳቴ ያኔ 19 ዓመቱ ነበር። መሪውን ከእጄ ላይ ይዞ ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዘው። የመኪናው ጎን ድንጋዩን እየላጠ ሄዶ ቆመ። የፊት ጎማ ፈነዳ። መስታወቱ ረገፈ። በሌላኛው በኩል ገደል ነበር።

ጥገናው 140 ሺህ ብር ፈጀ። በቆሎውን ሌላ መኪና መጥቶ ገልብጦ ጫነው። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆምኩ። ያ ልጅ ዛሬ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ ገንዘቡን የከፈልኩለት እኔ ነኝ።

ሐኪም ፍለጋ የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስሙን አልጠራም። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት "ምንህን ነው የሚያምህ?" አለች። "ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጣል" አልኳት። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ "ለማንኮራፋት ካርድ የሚያወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" ብላ ሳቀች። ከኋላዬ ያሉትም ሳቁ። ልመለስ ነበር። የመኪናው ጎን ትዝ ሲለኝ ቆምኩ።

ሐኪሙ ጋ ስደርስ ስልኬን አወጣሁ። የስድስት ወር ግራፍ ላሳየው ፈለግሁ። "ይህ መጫወቻ ነው" አለኝ። ስለ ባንዱ ያለው ልክ ነው፣ አልከራከረውም። ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ግፊቴን አልለካም። "ሹፌር ነኝ፣ መሪ ይዤ ተኛሁ" ስለው ቀና ብሎ አላየኝም። "ጭንቀት ነው" ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። ሁለት ሌሊት ወሰድኩት። ሁለቱንም ሌሊት ባለቤቴ እየወዘወዘች ስታስተነፍሰኝ አደረች። በኋላ የተረዳሁት፣ እንዲህ ዓይነት ኪኒን የጉሮሮን ጡንቻ ሊያላላ ይችላል፤ ሰውነት ነቅቶ አየር የሚስብበትን ኃይልም ሊያዳክም ይችላል። ትንፋሹ ለሚቋረጥ ሰው አደጋ ነው። አረቄም እንደዚያው። ለእንቅልፍ ብሎ ማታ አንድ ሁለት መለኪያ የሚል ሹፌር ስንት አለ!

እባክህ ወንድሜ፣ ማንም ሳይመረምርህ የእንቅልፍ ኪኒን ቢሰጥህ አትዋጥ።

ባሕር ዳር ስሄድ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ባለቤቴን ይዤ ገባሁ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ገና ስንቀመጥ እኔን ትቶ እሷን ጠየቀ። እስከ ሃያ እንደምትቆጥር ነገረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስምንት ጥያቄ አቀረበልኝ። ቁጭ ብለህ ስታነብ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? ተሳፋሪ ሆነህ አንድ ሰዓት ስትጓዝስ? ከሰው ጋር ስታወራስ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ትሰጣለህ። ከ24 ነጥብ ከ10 በላይ ካመጣህ የቀን እንቅልፍህ ከልክ ያለፈ ነው። እኔ 17 አመጣሁ። አንገቴን በሜትር ለካ፣ 44 ሴንቲ ሜትር። ለወንድ ከ43 በላይ ከሆነ ያጠራጥራል አለኝ። ግፊቴም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሪፈር ጽፎ አዲስ አበባ ላከኝ።

አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ አደርኩ። ራሴ ላይ፣ ዓይኔ አጠገብ፣ አገጬ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫዬ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያ። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቋረጥ ወይም በጣም ሲያንስ አንድ ብለው ይቆጥራሉ። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ። የእኔ በሰዓት 34 ሆነ። ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ጉሮሮ በእንቅልፍ ጊዜ ላልቶ ይዘጋል፣ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅስሃል፣ አየር ትስባለህ፣ መልሰህ ትተኛለህ። አንተ መንቃትህን አታውቅም።

ያን ሌሊት ባንዱን አስሬው ነበር። 84 ሰጠኝ። ምክንያቱ ገብቶኛል። የምነቃው ለሰከንዶች ነው፤ እጄ ብዙም አይንቀሳቀስም። እሱ ያየው ጸጥ ብሎ የተኛ ሰው ነው።

አሁን አንተ ያልከውን እንመልከት። ለአዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይመከራል። አንተ ስምንት ትተኛለህ። ግን ቀን ታንጎላጃለህ። ስለዚህ መታየት ያለበት እንቅልፍህን የሚቆራርጠው ነገር ነው። ሌላ ባንድ ብትገዛ 35 ደቂቃው 50 ሊሆን ይችላል። ድካምህ ግን ያው ነው።

አዲስ ሰዓት ይሻላል የሚልህም አለ። እውነት ነው፣ በፈረንጆች 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሳምሰንግና ለአፕል ሰዓቶች የአፕኒያ ምልክት የሚያሳይ አገልግሎት ፈቅዷል። እነሱም ግን "ምልክት አለ፣ ታየ" ነው የሚሉህ እንጂ በሽታውን አይወስኑም። እኔና አንተ የገዛነው ባንድ ደግሞ ከእነዚያ አይደለም።

4. ባንዱን አልጣልኩትም። ዛሬም እጄ ላይ ነው። ስንት ሰዓት እንደተኛሁና እንደተነሳሁ አይበታለሁ። ከአጥንቱ አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ጠበቅ አድርጌ አስረዋለሁ። ንቅሳት ካለህ እዚያ ላይ አትሰረው፣ ቀለሙ መብራቱን ይጋርዳል። የየቀኑን ስኮር አላይም። እሑድ እሑድ የሳምንቱን አያለሁ። አንድ የምወደው ቁጥር አለ፣ የዕረፍት የልብ ምት። ያኔ 78 ነበር፣ አሁን 66 ነው።

የታከምኩት ሲፓፕ በሚባል ማሽን ነው። በጭምብል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ውድ ነው፤ ለጎማ ያስቀመጥኩትን ብር በላው። መብራት ሲጠፋ ምን አደርጋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። በመኪና ባትሪና በኢንቨርተር እንዲሠራ አደረግሁት። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች ፎቶውን ሲያዩ ለሌሎች ታካሚዎች እናሳይ ብለው ወሰዱት። 12 ኪሎ ቀነስኩ። አረቄ ተውኩ። ቀለል ያለ ለሆነበት ሰው ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ብቻውን ብዙ ይረዳል፤ አንተ ማሽን ላያስፈልግህ ይችላል።

ትናንት ማታ ስኮሬ 79 ነበር። ጭምብሉ እየነካካኝ እገላበጣለሁ መሰለኝ፣ ከድሮው ዝቅ ብሏል። ዓባይ በረሃን ግን ዓይኔን ገልጬ ነው የወረድኩት። ባለቤቴም ሌሊቱን ትተኛለች።

ብቻህን እንደምትኖር ጽፈሃል። የሚቆጥርልህ ሰው የለም ማለት ነው። ዛሬ ማታ ስልክህን ጥሪ እንዳያቋርጠው አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገህ፣ ቻርጅ ላይ ሰክተህ፣ የድምፅ መቅጃውን ከፍተህ ትራስህ አጠገብ አስቀምጥ። ጠዋት ስማው። ማንኮራፋት፣ ከዚያ ድንገት ዝምታ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ያለ አየር መሳብ ከሰማህ ቅጂውን ይዘህ ባሕር ዳር ሂድ። ለሐኪሙ የምታሰማው እሱን ነው፤ የባንዱን ግራፍ ተወው። የሐኪሙን አድራሻ ከፈለግህ በውስጥ ጻፍልኝ። የሚመጣው ሐሙስ ጭነት አራግፌ እዚያው ባሕር ዳር ነኝ፤ ከመጣህ ካርድ ክፍሉ ጋ አብሬህ እሰለፋለሁ።